ክርክር፦ የፓስፊክ ደሴቶችን የነጣጠላቸው ውቅያኖሱ ነው ወይስ ሰው?

የካርታ ሰው፦ ከአንድ ወዳጄ ጋር ስንጨቃጨቅ አምሽተን ሳንስማማ ተለያየን። እናንተ ፍረዱን። እሱ "ደሴቶቹን የነጣጠላቸው ሰው ነው" ይላል፤ እኔ ደግሞ ውቅያኖሱ ነው ባይ ነኝ። ፓስፊክ እኮ ወደ 165 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የዓለም የብስ ሁሉ ቢደመር እንኳ አይሸፍነውም። መሃሉ ላይ ጠብ ባለች መሬት ከተወለድክ ዕጣህን የሚወስነው ርቀቱ ነው።

ከኒው ዚላንድ በስተ ምሥራቅ ያሉትን ቻታም ደሴቶች ተመልከቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሞሪዮሪ (የቻታም ነባር ሕዝብ) እና ማኦሪ (የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ) የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ሞሪዮሪዎች ከኒው ዚላንድ ተነስተው ቻታም ገቡ። ብርዱ ስኳር ድንች አያበቅልም፣ ስለዚህ እርሻውን ትተው ከባሕር በሚያገኙት መኖር ጀመሩ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ቢዋጉ ይተላለቃሉ፣ እናም መግደልን የሚከለክል ሕግ አጸኑ። ከዚያ በ1835 ማኦሪዎች መጡባቸው። ሞሪዮሪዎች ተሰብስበው መከሩና "ሕጋችንን አናፈርስም" ብለው ወሰኑ። ብዙዎቹ ተገደሉ፣ የተረፉት ባሪያ ሆኑ። ከአንድ አያት የተገኙትን ሁለት ዓይነት ሰው ያደረጋቸው መሬቱና ውሃው ካልሆነ ማነው?

ቀዛፊው፦ ወንድሜ፣ ዋናዋን ነገር ዘለልካት። ማኦሪዎቹ ቻታም የደረሱት በምን ነበር? በአውሮፓውያን መርከብ! ሎርድ ሮድኒ የምትባል መርከብ በሁለት ጉዞ 900 ያህል ሰው ከነጠመንጃው አራገፈች። ጠመንጃው ደግሞ ከነጋዴ የተገዛ ነው፣ እነሱም ራሳቸው በዚሁ ጠመንጃ ጦርነት ከአገራቸው የተገፉ ናቸው። ውቅያኖሱ ሞሪዮሪዎችን ለብዙ መቶ ዓመት ጠብቋቸው ነበር እንጂ አላጠፋቸውም።

ማዕበል፦ "ባሕር ይነጣጥላል" የሚለው ራሱ አይገባኝም። "አምስት" በሳሞአና በሃዋይ ሊማ ነው። በማኦሪና በራፓ ኑይ (ኢስተር በምትባለው ደሴት) ሪማ። ወደ ምዕራብ ሂዱ፣ በማሌይም ሊማ ነው። ሌላ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ማዳጋስካር ደግሞ ዲሚ ትላለች። አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ነው፣ ከታይዋን ተነስቶ የምድርን ግማሽ በታንኳ የዞረ። አሁን ፓፑዋ ኒው ጊኒን እዩ፤ ከ800 በላይ ቋንቋ አላት፣ ብዙው ያለውም አንድ ትልቅ ደሴት ላይ ነው። እዚያ ሰዉን በየሸለቆው የለያየው ተራራው ነው።

ገና ተማሪ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ያለ ኮምፓስ እንዴት ነው ያንን ሁሉ ውሃ የሚያቋርጡት? ዝም ብሎ ነፋስ ወስዷቸው አይሆንም?

ቀዛፊው፦ እንደዚያ የሚሉ ነበሩ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1947 ከፔሩ ተነስቶ በግንድ ታንኳ 101 ቀን ተንሳፍፎ ፓስፊክ ደሴቶች ደረሰና ሰዎቹ ከአሜሪካ በነፋስ እየተገፉ መጡ ለማለት ሞከረ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፣ የሰዎቹ አመጣጥ ግን ከምዕራብ እንደሆነ ቋንቋውም የዘር ምርመራውም ይመሰክራል። በ1976 ደግሞ ማኡ ፒያሉግ የተባለ የሳታዋል ደሴት ሰው ሆኩሌአ የምትባለውን ጥንድ ታንኳ እየመራ ከሃዋይ ታሂቲ አደረሳት። ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያለ አንድ መሣሪያ። ከዋክብት የሚወጡበትን ቦታ፣ የማዕበሉን አቅጣጫና ማታ ወደ መሬት የሚመለሱትን ወፎች እያየ ነው የመራው። ይህንን ዕውቀት በልጅነቱ ከአያቱ ነው የተማረው።

ቱፓያንም አትርሱት። የራያቴአ ደሴት ሰው ነው፣ በ1769 ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ ጋር ተሳፈረ። ሰባ ያህል ደሴቶች ያሉበት ካርታ አሠራ፣ ኒው ዚላንድ ሲደርሱም ከማኦሪዎቹ ጋር በገዛ ቋንቋው ተግባባ። እንግሊዞቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ!

የካርታ ሰው፦ እሺ፣ ራፓ ኑይስ? ዛፎቻቸውን ጨርሰው፣ ታንኳ መሥሪያ አጥተው፣ ብቻቸውን ተበላልተው አለቁ አይደል? መውጫ የሌለው ደሴት ነው።

ዝምተኛዋ፦ ይህን ታሪክ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛፉ አልቋል፣ እሱን ማንም አይክድም። ሰዉ ግን በዚያ ምክንያት አላለቀም። በ2024 የወጣ የጥንት አጽሞች የዘር ጥናት እንዲያ ያለ እልቂት ምልክት አላገኘም፤ ሕዝቡ ቀስ እያለ እየጨመረ እስከ 1860ዎቹ ደርሷል። ከዚያ ምን ሆነ? በ1862 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች 1500 ያህል ሰው እያፈሱ ወሰዱ። የተመለሱት ጥቂቶች ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። በ1877 ደሴቱ ላይ የቀረው 111 ሰው ነበር። ታዲያ "ራሳቸውን በሉ" የሚለው ተረት ለማን እንደሚመች አስቡት።

ማዕበል፦ ማርሻል ደሴቶችም ያው ነው። አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 ባለው ጊዜ 67 የኑክሌር ሙከራ እዚያ አድርጋለች። ለምን? ቦታው "ሩቅ" ስለሆነ! ከማን ነው ሩቅ? ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ቢኪኒ ላይ 167 ሰው ይኖር ነበር፣ ለእነሱ እኮ መሃል አገራቸው ነው።

የካርታ ሰው፦ በዚህ አላከራክርም፣ ግፍ ነው። ግን እኮ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ጥፋት እያዞራችሁት ነው። ውቅያኖሱስ ምንም አላደረገም?

ዝምተኛዋ፦ አድርጓል፣ ግን የሰው ውሳኔ ሲጨመርበት የሚሆነውን አንድ ቦታ ብቻ ላሳይህ። ሳሞአ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ የሚተያዩ ቤተሰቦች። በ1899 ጀርመንና አሜሪካ መሃላቸው መስመር አሰመሩና ተካፈሏቸው፤ በ1914 የጀርመኑን ድርሻ፣ ምዕራቡን ሳሞአ፣ ኒው ዚላንድ ያዘችው። በ1918 ያ ወረርሽኝ መጣ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው። ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነስታ፣ በሽተኞች እንደጫነች፣ የምዕራቡ ሳሞአ ወደብ አፒያ ደረሰች። ማንም አላገዳትም። የምዕራቡ ሳሞአ ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱን ቀበረ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው የአሜሪካ አስተዳዳሪ ደግሞ ወደቡን ዘጋ፣ መርከቦችን ወሽባ አስገባ፣ ነዋሪዎቹም ዳርቻውን ጠበቁ። ስንት ሰው ሞተ? አንድም። ለምዕራቦቹ ሐኪም ልላክ ብሎ ያቀረበውን እርዳታ እንኳ የአፒያው ሹም አልተቀበለውም።

ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ነፋሱም ያው። አንዱ ጋ መቃብር የሞላው ሌላው ጋ ያልሞላው በአንድ ሹም ፊርማ ነው።

ገና ተማሪ፦ ይህን ትምህርት ቤት ለምን አይነግሩንም?

ቀዛፊው፦ ድንበሩ ዛሬም አለ እኮ። ለዘመናት በታንኳ ይጠያየቁ የነበሩ ሰዎች አሁን ዘመድ ለመጠየቅ ፓስፖርት ይዘው ይሄዳሉ። ደግሞ "ትንንሽ አገሮች" ይሏቸዋል! ኪሪባስ የምትባለው የፓስፊክ ደሴቶች አገር የብሷ 811 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በባሕር ሕጉ መሠረት ዓሣው የእሷ የሆነው ውሃ ግን ወደ 3.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ውሃውን ከቆጠርክላት ግዙፍ ናት።

የካርታ ሰው፦ የሳሞአዋን ተቀበልኩ። እውነት ለመናገር አላውቃትም ነበር፣ ወዳጄም ቢያውቃት ኖሮ ያን ያህል ባልተከራከርን። አንድ ነገር ግን ማናችሁም አልነካችሁልኝም። የእነዚህ ሰዎች አያቶች ቶንጋና ሳሞአ የደረሱት ከዛሬ 2800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ታሂቲ፣ ሃዋይና ራፓ ኑይ የተያዙት ግን በፈረንጅ ከ1000 እስከ 1200 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በመሃል ወደ 1800 ዓመት ቆመዋል! ያኔ ፈረንጅ የለም፣ ድንበር የለም፣ ፓስፖርት የለም። ወደ ምሥራቅ ያለው ርቀት በጣም ይሰፋል፣ ነፋሱም ከፊት ለፊት ይመጣል። ያቆማቸው ውቅያኖሱ ነው።

ቀዛፊው፦ ነፋሱ ሁልጊዜ ከምሥራቅ አይነፍስም። ቱፓያ ራሱ ለኩክ ነግሮታል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የምዕራብ ነፋስ ይመጣል፣ ያኔ ነው የምንጓዘው ብሎ። መንገዱ በየዓመቱ ይከፈት ነበር።

የካርታ ሰው፦ በየዓመቱ ከተከፈተ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሳሞአ ቁጭ ብለው ምን ይጠብቁ ነበር ታዲያ?

ማዕበል፦ ምናልባት ተመችቷቸው።