የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም እኩል ነው ብዬ ያሰላሁት ለምን አልገጠመም?

ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እህቴን ፊዚክስ ሳስጠና ባነሳችው ጥያቄ ተይዤ ሦስት ቀን ሆነኝ። ከሚሄድ ባጃጅ ላይ ወደ ፊት ለተወረወረ ኳስ የባጃጁ ፍጥነት ይደመርለታል፣ ለፊት መብራቱ ብርሃን ግን አይደመርም። ይህን ተቀብላለች፤ የብርሃን ፍጥነት በአቅጣጫ እንደማይለያይ ያሳየውን የማይክልሰንና የሞርሊን የ1887 ሙከራም ነግሬያታለሁ።

ያቃተን ሒሳቡ ነው። ከለገሀር ተነስቶ በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ የሚከንፍ ባቡር አሰብን (በድሮው ባቡር ጅቡቲ የወረደ ሰው ይሳቅብን)። ተሳፋሪው ሲለካው ርዝመቱ 300 ሜትር ነው። የብርሃንን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ብለን ስናጠጋጋ፣ ከኋላ ጫፍ የተላከ ብርሃን ፊት ለመድረስ ለተሳፋሪው 1 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል።

ሐዲዱ ዳር ለቆመ ሰው ባቡሩ አጥሮ 240 ሜትር ይሆናል፤ የፊቱ ጫፍ ስለሚሸሽም ብርሃኑ የሚደርስበት በ2 ማይክሮሰከንድ ነው። በጊዜ መለጠጥ ቀመር (የሚሄድ ሰዓት ለቆመ ሰው ዘግይቶ ይቆጥራል የሚለው፤ በዚህ ፍጥነት ማባዣው 1.25 ነው) ግን 1 ሲባዛ በ1.25፣ ያው 1.25 ብቻ!

የገረመኝ ደግሞ የብርሃኑ መመለሻ ነው። ብርሃኑ ፊት ካለ መስታወት ነጥሮ ሲመለስ ለቆመው ሰው 0.5 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ደርሶ መልሱ 2.5 መጣ። የተሳፋሪው 2 በ1.25 ሲባዛም 2.5 ነው፤ ልክክ ብሎ ገጠመ። ስለዚህ ቀመሩን አልጠረጥርም። የባቡሩ ሁለት ጫፎች ሰዓቶች ውጭ ላለው ሰው በአንድ ቅጽበት እኩል ሰዓት አያሳዩም የሚል ነገር አንብቤያለሁ፤ ስሌቱ ውስጥ የት እንደማስገባው ግን አላወቅሁም።

ደርሶ መልሱ ከገጠመ፣ የመሄጃውን 1 ማይክሮሰከንድ ወደ 2 የሚያደርሰው የቀረኝ ስሌት የትኛው ነው?