ፋይ ስንት ትርጉም ነው ያላት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ፋይ የምትባለው የግሪክ ፊደል እያወዛገበችኝ ነው። እኔ የማውቃት 1.618 ሆና ነው፣ ወርቃማው ሬሾ የሚሉት። አሁን የቁጥር ቲዎሪ ስንጀምር ማስታወሻው ላይ «ፋይ(12) = 4» ይላል። 1.618ን በ12 ሳባዛው 19 ምናምን ነው የሚመጣው። 4 ከየት መጣ? ስታቲስቲክስ ላይም ሌላ ፋይ አለች፣ ያውም ትልቅና ትንሽ። ይዛመዳሉ ወይስ ለየብቻ ልያዛቸው?

ቁጥር ወዳድ፦
ለየብቻ ያዛቸው ወንድሜ። ፋይ(12) ማባዛት አይደለም፣ ፈንክሽን ነው። የኦይለር ፋይ ይባላል። ከ1 እስከ 12 ካሉት ውስጥ ከ12 ጋር ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ይቆጥራል። እነሱም 1፣ 5፣ 7 እና 11 ናቸው። አራት! ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም፣ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው) ሲሆን ደግሞ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ስለሚቆጠሩ ፋይ(7) 6 ነው። ሐሳቡ የኦይለር ቢሆንም ፋይ ብሎ የጻፈው ጋውስ ነው፣ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ።

ይቺን ፋይ በደንብ አጥናት፣ አርኤስኤ የሚባለው የምስጢር አጻጻፍ የቆመው በሷ ላይ ነው። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች እንውሰድ፣ 3 እና 11። ብዜታቸው 33፣ ፋይ(33) ደግሞ 2 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 20። አሁን 3 በ7 ሲባዛ 21 ነው፣ ለ20 ሲካፈል 1 ይቀራል። ስለዚህ 3 መቆለፊያ፣ 7 መክፈቻ ይሆናሉ። 2 የሚል መልእክት ብትልክ፣ 2 በ3 ፓወር 8 ይሆናል፣ ተቀባዩ 8ን በ7 ፓወር አሳድጎ ለ33 ሲያካፍለው ቀሪው ተመልሶ 2 ይመጣል። በወረቀት ሞክረው፣ ደስ ይላል! በተግባር ብቸኛ ቁጥሮቹ መቶዎች አኃዝ ያሏቸው ናቸው፣ እነሱን ሳያውቅ ፋይን ማስላት ስለሚከብድ ነው ምስጢሩ የሚጠበቀው።

የዳታ ሰው፦
ስታቲስቲክስ ላይ ትንሿ ፋይ ደወል የሚመስለው የስታንዳርድ ኖርማል ከርቭ ከፍታ ናት፣ ትልቋ ደግሞ ከግራ ጀምሮ እስከዚያ ነጥብ ከከርቩ ሥር ያለው ስፋት። ዜሮ ላይ ትንሿ 0.399 ገደማ ናት፣ ትልቋ 0.5። ትልቋ 1.96 ላይ 0.975 ትሆናለች፣ 95 ከመቶ ስንል የምንጠቀምበት 1.96 ከዚያ ነው የመጣው። በእጅ ስትጽፍ ትልቅና ትንሹን በግልጽ ለይ፣ ካልለየህ አራሚው የቱን እንዳልክ አያውቅም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ 4ቱ አሁን ገባኝ። 1.618ን ፋይ ያላት ማነው ታዲያ? ባዶ ስብስብስ ፋይ አይደለም እንዴ?

ቁጥር ወዳድ፦
1.618 ፋይ የተባለችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ማርክ ባር የሚባል ሰው ከግሪኩ ቀራፂ ከፊዲያስ ስም የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ ነው ያወጣላት። ታው የሚሏት መጻሕፍትም አሉ።

የባዶ ስብስብ ምልክት ግን ፋይ አይደለም፣ ብዙ ሰው ነው ፋይ እያለ የሚያነበው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ቬይ ከኖርዌይ ፊደል፣ ከተሰረዘችው ኦ ነው የወሰደው፣ እሱ ያለበት ቡርባኪ የሚባለው የሒሳብ ሊቃውንት ቡድንም በ1939 ተጠቀመበት።

ካልኩለስ ሦስት፦
አንግሏን ረሳችኋት እኮ! በሦስት ዳይሜንሽን ሲኬድ ብዙ የካልኩለስ መጻሕፍት ፋይ የሚሉት ከላይኛው ዘንግ ወደ ታች የሚለካውን አንግል ነው፣ ፊዚክሶች ግን ዙሪያውን የሚዞረውን ፋይ ብለው ላይኛውን ቴታ ይሉታል። ሁለቱንም ኮርስ በአንድ ሴሚስተር የሚወስድ ሰው በጣም ይጠንቀቅ። መጽሐፉ የቱን እንደያዘ ለማወቅ የይዘቱን ኢንቴግራል ክፈትና ሳይን ውስጥ የገባችውን ፊደል እይ። ከላይኛው ዘንግ የሚለካው እሱ ነው።