የዕቅድ ውይይት፦ የድሬዳዋና የሐረር አባላት የጋራ የባዮኢንፎርማቲክስ (የዘረመል መረጃን በኮምፒውተር የመተንተን) ሥልጠና

አስተባባሪ (ድሬዳዋ)፦ የመጀመሪያው ረቂቅ መዝገበ ቃላት ሆኖብናል፤ ቃልና ፍቺ፣ ቃልና ፍቺ። በዚህ መልክ የተማረ ሰው ፋይል ሲከፍት ግራ ይገባዋል። አንድ ጥያቄ ይዘን ከጥሬው ንባብ (መሣሪያው ከሚያወጣው አጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) እስከ መልሱ እንሂድ፣ ቃላቱን መንገድ ላይ እንፍታቸው። ጥያቄውም የከተማችን ይሁን። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሣው ወባ ከስቴፈንሲ ትንኝ ጋር ተያይዟል፤ በወባው ጥገኛ ላይም ሁለት ነገር ታይቷል፤ በኬ13 ጂን 622ኛ ቦታ ከመድኃኒት መቋቋም ጋር የተያያዘ ለውጥ፣ እንዲሁም ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው የኤችአርፒ2 ጂን መጥፋት።

ተንታኝ (ሐረር)፦ እስማማለሁ፣ ግን ረቂቁ ላይ ቁጥር ይግባ። የዚህ ጥገኛ፣ የፋልሲፓረም፣ ጂኖም 14 ክሮሞሶም፣ ወደ 23 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው። ለልምምድ 30 እጥፍ ሽፋን (እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ 30 ጊዜ መነበቡ) ይበቃናል። ንባቡ ጥንድ፣ እያንዳንዱም 150 ፊደል ከሆነ፣ 23 ሚሊዮን በ30 ተባዝቶ ለ300 ሲካፈል 2.3 ሚሊዮን ጥንድ ይሆናል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል። ትልቁን ዳታ ንባብ በዕጣ በሚመርጠው ሴክቲኬ ስንቀንስ ለጥንዱ ሁለቱም ፋይሎች አንድ ዓይነት ሲድ (የዕጣው መነሻ ቁጥር) እንስጥ፤ ካልሆነ ጥንዶቹ ይፈራረሳሉ፣ ንባቦቹን በማጣቀሻ ጂኖም ላይ የሚያሰልፈው ቢዳብሊውኤም የንባቦቹ ስም አልገጠመም ብሎ ይቆማል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ሐረር)፦ ጥራቱስ?

ተንታኝ (ሐረር)፦ ፋስትኪውሲ ለማየት፣ ፋስትፒ ለመከርከም። ኪው30 ማለት በሺህ ፊደል አንድ ስሕተት ይጠበቃል ማለት ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ቀን አናጥፋ። ሰልጣኙ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው፤ የክሮሞሶም ስም ላይ። ማጣቀሻው ጂኖም ከአንድ የመረጃ ቋት፣ የጂን ዝርዝሩ ከሌላ ከመጣ የአንዱ 13ኛ ክሮሞሶም በሌላው ሌላ ስም አለው። ለውጥ ፈላጊው ቢሲኤፍቱልስ ባዶ ፋይል ያወጣል፣ ሰውም «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ፣ ከአንድ እትም ይምጡ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ሐረር)፦ አቦ፣ ዋናውን ነገር ተናገርክ! እኔ የምጨምረው ይህን ነው፤ ኬ13 የሚነበበው ከማጣቀሻው በተቃራኒው የዲኤንኤ ገመድ ነው። 622 ላይ አሚኖ አሲዱ ከአርጂኒን ወደ አይሶሉሲን ሲቀየር በጂኑ ንባብ ፊደሉ ጂ ወደ ቲ ነው፣ ለውጦች በሚዘረዘሩበት የቪሲኤፍ ፋይል ግን ሲ ወደ ኤ ሆኖ ይታያል። ይህን ያልተነገረው ሰልጣኝ ትክክለኛውን ውጤት ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል። ንባቦቹን በሥዕል በሚያሳየው በአይጂቪ በዓይኑ ይየው።

አስተባባሪ (ድሬዳዋ)፦ ፕሎይዲውን (የክሮሞሶሙን ቅጂ ብዛት) አንድ እናድርገው? ጥገኛው በደም ውስጥ ሳለ ክሮሞሶሙ ነጠላ ነው።

ተንታኝ (ሐረር)፦ ነጠላ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም አንድ በሽተኛ ሁለት ዓይነት ጥገኛ ሊይዝ ይችላል። አንድ ካልነው ከሁለቱ አነስተኛው ይደበቃል። በሁለት እናስኪደው፣ ከዚያ ለየፊደሉ ስንት ንባብ እንደመሰከረ እንቁጠር።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ሐረር)፦ የኤችአርፒ2 ክፍል በጥንቃቄ ይጻፍ። ጂኑ በ8ኛው ክሮሞሶም ጫፍ አካባቢ ነው፤ እዚያ ንባብ በቀላሉ አይሰለፍም። ሽፋኑ ዜሮ ስለሆነ ብቻ ጂኑ ጠፍቷል አይባልም። የጎረቤት ጂኖች ሽፋን በሳምቱልስ ፕሮግራም ይለካ፣ ጂኑ መኖሩ የሚታወቅ ናሙናም ጎን ለጎን ይሂድ። ሁለቱ ደህና ሆነው ኤችአርፒ2 ብቻ ባዶ ከሆነ ነው መጥፋቱን የምንጠረጥረው፤ ያኔም በፒሲአር ይረጋገጥ።

አስተባባሪ (ድሬዳዋ)፦ ጻፍኩት። ዳታው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ማከማቻ ይወሰድ። ወደፊት የራሳችን ናሙና ሲመጣ አብሮት የሰው ዲኤንኤ ይመጣል፤ ምንም ነገር ከመጋራታችን በፊት ከሰው ጂኖም ጋር አሰልፈን የገጠመውን እናውጣ። ለዚህ 16 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ማሽን በበጀቱ ይያዝ። በሥልጠናው ቀን ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር አይኑር፤ ፋይሉም ፕሮግራሙም አስቀድሞ በፍላሽ ይገልበጥ፣ በኤምዲ5 (የፋይሉን ሙሉነት በሚያሳይ መለያ ቁጥር) ይመሳከር። ተቆርጦ የወረደ ፋይል መሐል ላይ ነው የሚያቆመው።

ተንታኝ (ሐረር)፦ አምስት ቀን እንጠይቅ፤ ሦስቱ ድሬዳዋ፣ ሁለቱ ሐረር። የመሣሪያዎቹን እትም ቁጥር የያዘውን የኮንዳ (የፕሮግራም መጫኛ) ፋይል እኔ አዘጋጃለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ሐረር)፦ የኬ13ንና የኤችአርፒ2ን ክፍል እስከ ዓርብ እልካለሁ።