የምትወዱትን ባንድ በትንሽ ቤት መስማት ለምትፈልጉ፦ የአዲስ አበባ ጥቆማ

የእህቴ ልጅ ለሥራ ልምምድ ከባሕር ዳር መጥታ ሁለት ወር እኛ ጋ ከረመች። በመጣች በሁለተኛው ቀን «ጋሼ፣ ነጋሪት ባንድን በአካል መስማት እፈልጋለሁ፤ የት ነው የሚሻለው?» አለችኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። ባንዱን የምታውቀው በስልኳ ብቻ ነው። የባንዱን መሪ የተፈሪ አሰፋን ድራም በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። እሷን ተከትለው ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ተመሳሳይ ነገር ጠየቁኝ። ለሦስቱም የነገርኳቸውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። ቤት አትምረጡ፤ ምሽት ምረጡ። አንዱ ቤት ማክሰኞ ጃዝ፣ ሐሙስ አዝማሪ፣ ቅዳሜ ደግሞ ዲጄ ሊኖረው ይችላል። «እዚያ ቤት አሪፍ ነው» ተብላችሁ ሄዳችሁ፣ የጠበቃችሁትን ሳታገኙ የምትመለሱት ለዚህ ነው። ስትደውሉ «ክፍት ናችሁ?» ሳይሆን «ዛሬ ማን ነው የሚጫወተው? ስንት ሰዓት መድረክ ላይ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልክ ያነሳው ሰው የባንዱን ስም ወዲያው ከነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው። «ላይቭ ባንድ አለ» ብቻ ካላችሁ ግን እኔ ብሆን ሌላ ቤት እደውላለሁ።

የምትወዱት ባንድ በየሳምንቱ የሚጫወትበት ቋሚ ቀን ካለው፣ ያንን ቀን ያዙ። ቋሚ ቀን ያለው ባንድ ክፍሉን ያውቀዋል። ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ላይ ያለውም ልጅ ባንዱን ያውቀዋል። አዲስ ነገር የሚሞክሩትም እንደዚህ ባለ ምሽት ነው። አንዱን ዜማ ይዘው ዐሥር ደቂቃ ያቆዩታል፤ ሳክስፎኑ ይወጣል፣ ቤዙ ይቀበለዋል፣ ድራመሩ ፈገግ ብሎ ሁሉንም ይመልሳቸዋል። ትልቅ ኮንሰርት ላይ ይህ አይገኝም። እዚያ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ዘፈን መዘፈን አለበት።

የከተማችን ትልልቅ ባንዶችም የበሰሉት እንዲህ ነው። ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ግዮን ሆቴል ማታ ማታ ይጫወቱ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሂልተን ዋልያስን ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹም እስኪነጋ ይጫወቱለታል። ዛሬ በዓለም የሚደመጠው የዋልያስ ድምፅ ከእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች የወጣ ይመስለኛል።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ፒያሳ፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝ አምባ ውስጥ ነው። አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የተባለውን ባንድ እዚያ ነው የሰማሁት። ግሩም መዝሙር አኮርዲዮን ይዞ፣ አንጋፋው አየለ ማሞ ማንዶሊናቸውን ይዘው፣ ክላርኔቱ ከጎን ሆኖ። የሚጫወቱት የአባቶቻችንን ጊዜ ዜማ ነበር። ማንዶሊና በስልክ ስትሰሙት ቀጭን ነገር ነው። በአካል ስትሰሙት ግን ጣት ክሩን ሲነካ፣ ክሩም እንጨቱን ሲያንቀጠቅጥ ይሰማችኋል። ከዚያ ምሽት በኋላ ያንን ሙዚቃ በሌላ መንገድ መስማት አቃተኝ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ የደረሰው እሳት ጃዝ አምባንም ይዞት ሄደ። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነው ያዘንኩት። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አያለሁ።

ወደ አሁኑ ልምጣ። ባህላችንንና ዘመናዊውን ሙዚቃ በአንድ መድረክ መስማት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ፈንድቃ ነው። ፈንድቃ ካዛንቺስ ውስጥ ተራ አዝማሪ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በልጅነቱ እዚያው እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ኖረ። በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘውና የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮ ከለር ባንድ የተወለደው እዚያ ነው። ነጋሪትንም፣ ቋንቋ ባንድንም ያሳደገ መድረክ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ዋሽንት ከአዝማሪና ከእስክስታ ጋር አንድ ላይ ሲነሱ፣ ተመልካቹና ተጫዋቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። መላኩ ሲጨፍር ላቡ ያገኛችኋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ግን በድሮው አድራሻ አትፈልጉት። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የማዕከሉን ገጽ ተመልከቱ፤ ፕሮግራሙን ከነቦታው ያወጣሉ።

ነጋሪትን ለማታውቁ ሁለት ቃል ልበል። መሪው ተፈሪ ድራመር ነው። የባንዱ ሥራ የሚነሳው ከምት ነው፤ የደቡቡንም የሌላውንም አካባቢ የከበሮና የጭብጨባ ምት ወስደው ከጃዝ ጋር ያዋህዱታል። ችክችካ የሚባለውን የተለመደ የዘፈን ምት ብቻ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እግራችሁ የቱ ላይ መምታት እንዳለበት ይጠፋችኋል። ትንሽ ታገሡ። የድራመሩን ግራ እግር እዩ፤ መንገዱን እሱ ያሳያችኋል። ይህን በቪዲዮ ማየት አይቻልም። በትንሽ ቤት ብቻ ነው የሚቻለው።

አዝማሪ ቤትን ከባንድ ቤት ጋር አታወዳድሩት፤ ሌላ ዓለም ነው። የምትወዱት ዘፋኝ ሳይሆን የምትወዱት ጨዋታ ነው የሚወስዳችሁ። አንድ ማሲንቆ፣ አንዳንዴ አንድ ከበሮ፣ አንዲት ድምፀ መረዋ ሴት። ማይክ ባይኖር እንኳ ይበቃል። አዝማሪው መልካችሁን፣ ልብሳችሁን፣ አብራችሁ ያለውን ሰው አይቶ ግጥም ያወርድባችኋል። ሰሙን ሰምታችሁ ስትስቁ ወርቁ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ አጠገባችሁ ያለውን አዋቂ ጠይቁ። ስንኝ ካላችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ስጡ፤ እሱ በዜማ ይመልስላችኋል። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። ሽልማት የዚያ ሰው ዳቦ ነው። ሲዘፍንላችሁ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ባይሆንም አይጥምም። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከመጀመሪያው ረድፍ ይልቅ ጥግ ይሻለዋል። የእህቴ ልጅ ጥግ መረጠች። አዝማሪው ግን እዚያም ድረስ መጣ፤ ስለ ጣናም ዘፈነላት።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ፣ ወይም መጠጥና ጭስ የማትወዱ ከሆነ፣ የባህል ተቋማቱን ተከታተሉ። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት ኮንሰርት ያዘጋጃሉ። ብዙ ጊዜ መግቢያቸው ነፃ ነው፤ ሲያስከፍሉም አይከብድም። ሰዓት ያከብራሉ። ሰውም ሊያዳምጥ ነው የሚመጣው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቀንም አያምልጣችሁ፤ የነገዎቹን ባንዶች ዛሬ ትሰማላችሁ። ጉድለቱ አንድ ነው። ሁሉም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። ትከሻ ለሚነቀንቅ ሙዚቃ ይህ ትንሽ ያስቸግራል።

የቦሌ ላውንጆችና የሆቴል ክለቦች ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። በጣም ጥሩ ባንድ የያዙ አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ባንዱን የቀጠሩት የሌላ ሰው ዘፈን እንዲጫወትላቸው ነው። እሱም ደስ ይላል፤ ጓደኛ ይዞ ለመጨፈር የሚሆን ነው። ባንዱን በራሱ ሥራ ለመስማት ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ የምወደውን ባንድ ስጠብቅ 6 ሰዓት ሆነ። በዚያ ላይ «ቴብል ለመያዝ ጠርሙስ መክፈት ግዴታ ነው» ተባልኩ። ባንዱ ሲወጣ አራት ዘፈን ተጫውቶ ወረደ፤ አራቱም የሰው ነበሩ። ተናድጄ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ መግቢያ ከመክፈሌ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ባንዱ በትክክል ስንት ሰዓት ይወጣል? የመግቢያው ብር መጠጥ ይጨምራል? ሳንጠጣ፣ ወይም ለስላሳ ብቻ ይዘን መቀመጥ እንችላለን?

እራት ከውዝዋዜ ጋር የሚያቀርቡት የባህል ምግብ ቤቶች ከውጭ ለመጣ እንግዳ ግሩም ናቸው። የብሔረሰቦችን ጭፈራ በአንድ ምሽት ያሳያሉ። ለእናንተ ጉዳይ ግን አልጠቁማቸውም።

አሁን ስለ መቀመጫ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ከመድረኩ ሥር መቀመጥ ጥሩ ይመስላል። ድራሙ ግን በቀጥታ ከመድረኩ ይመጣባችኋል፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ በጎን ካሉት ስፒከሮች ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለ ሰው ድራምና ጊታር ይሰማል እንጂ ቃሉን አይሰማም። ከአንዱ ስፒከር አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ግማሹን ብቻ ሰምታችሁ ጆሯችሁ ይጮሃል። ሚክሰሩ የት እንዳለ ፈልጉ። ከሱ ፊት ወይም ከጎኑ ተቀመጡ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ያለበት ቦታ ላይ በሚሰማው ልክ ነው። እሱ የሰማውን ትሰማላችሁ።

ክፍሉንም እዩት። ግድግዳው ሁሉ መስታወትና ሴራሚክ ከሆነ ድምፁ ይጋጫል፤ ቤዙ ይጉረመረማል፣ ቃል አይለይም። መጋረጃ፣ እንጨት፣ ምንጣፍ፣ የጨርቅ ወንበር ያለበት ቤት ይሻላል። ሰው ሲሞላም ይሻሻላል፤ ሰውነታችን ድምፅ ይውጣል። ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ላይ ደርሳችሁ «አይ፣ ይህ ቤት አይረባም» ብላችሁ አትውጡ። ለጆሯችሁም አስቡ። ከወጣችሁ በኋላ ጭው ካለባችሁ ድምፁ በዝቶባችኋል ማለት ነው። የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ይገኛል፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሙዚቃውን አያጠፋባችሁም።

መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። እኔ ከሰማኋቸው ምሽቶች አንዱ ምርጥ የሆነው መብራት ስለጠፋ ነው። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ኪቦርዱና ቤዙ ዝም አሉ። ድራመሩና ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን አላቆሙም። ቤቱ በሙሉ ያጨበጭብ ጀመር። መብራቱ ሲመጣ ማንም አልተደሰተም።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ፣ ኃይሉ መርጊያ እዚያው አጠገባችሁ ነው የሚኖረው። ዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ በመካከል ኪቦርዱን እየተለማመደ ኖሮ ወደ መድረክ የተመለሰ ሰው ነው። ከዋልያስ የመጣው ሳክስፎን ተጫዋች ሞገስ ሀብቴም የፊደል ባንድ አባል ሆኖ በዚያው ከተማ ተጫውቷል። እነዚህ ስሞች በትንሽ ቤት ማስታወቂያ ላይ ሲወጡ ካያችሁ ሥራችሁን ቀይራችሁም ቢሆን ሂዱ።

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። ነጋሪት የሚጫወትበትን ምሽት ጠብቀን ሄድን። ሚክሰሩ አጠገብ ተቀመጥን። መጀመሪያ ስልኳን አውጥታ መቅዳት ጀመረች። ሦስተኛው ዜማ ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ቤት ስንደርስ የቀዳችውን ከፈተችው፤ የቤዝ ጉርምርምታና የሰው ሳቅ ብቻ ነው ያለው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እነሱ አይደሉም» አለችና አጠፋችው።

የመመለሻውን ትራንስፖርት ቀድማችሁ አስቡ። ከ6 ሰዓት በኋላ ራይድም ፈረስም ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ ከምታውቁት ሹፌር ጋር ብትነጋገሩ ይሻላል። በዐቢይ ጾም ብዙ አዝማሪ ቤቶችና ክለቦች ሙዚቃ ያቆማሉ፤ ባንዶቹም ያርፋሉ። ስለዚህ ቅበላው ሳያልፍ ሂዱ። በዚያ ሳምንት ቤቶቹ ጢም ስለሚሉ ቦታ ለመያዝ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ደውሉ፤ ስትደውሉም ሚክሰሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ።