«በራሱ ገንዘብ ነው የተወዳደረው» ማለት ምን ማለት ነው?

የዲትሮይቱ፦ ትናንት እዚሁ ከነጋዴነት ወደ ሚሺጋን ፖለቲካ ስለገባው ሽሪ ታኔዳር ሲወራ አንዷ «በራሱ ገንዘብ ነው የተወዳደረው፤ ማንም አይገዛውም» ብላ ጻፈች። አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውዬው በ2018 ለሚሺጋን ገዥነት ሲወዳደር ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ አፍስሶ በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ሦስተኛ ወጣ። ያኔ የአን አርበር ከተማ ነዋሪ ነበር። ከዚያ ወደ ዲትሮይት መጣና በ2020 ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጠ። እዚህ ተወልዶ ያደገው ልጅ በምን አቅሙ ይቻለው?

ሰናይት፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በ1979 ከህንድ ለትምህርት መጣ። አክረን ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬቱን ያዘ። በ1991 ሴንት ልዊስ ውስጥ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ በብድር ገዝቶ አሳደገው። ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ቢያወጣ ምን አጠፋ? ሌላው ከኩባንያ ተቀብሎ ይገባና ውለታ ሲከፍል ይኖራል።

የዲትሮይቱ፦ ያንን «በራሱ ገንዘብ» የምትይውን እስኪ እንየው። በ2010 ድርጅቱ ሲከስር ኒው ጀርሲ ባለው ላቦራቶሪ ከመቶ በላይ የሙከራ ውሾች ሕንፃው ተዘግቶባቸው ቀሩ። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ናቸው ያወጧቸው።

ሰናይት፦ እሱ «ባንኩ ድርጅቱን ከእጄ ወስዶ ነው» ብሎ መልሷል። ይሄን ለምን ዘለልከው?

ሚኪ፦ የውሻውን ነገር ተዉት ባካችሁ። ሰው በውሻ ነው እንዴ የሚመዘነው?

የዲትሮይቱ፦ አዎ ሚኪ፣ ይመዘናል። ድርጅት ሲፈርስ ማን ሜዳ ላይ እንደቀረ ማየት አለብን። መራጩንስ እንዴት ሊይዝ ነው?

እትዬ አልማዝ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ገንዘብ ሁሉን የሚገዛ ከሆነ ያን ሁሉ ሚሊዮን አውጥቶ 18 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ለምን በኋላ ገዥ በሆነችው በግሬችን ዊትመር ተሸነፈ?

የዲትሮይቱ፦ እትዬ፣ ስቴቱን መግዛት አቃተው፤ አንድ የምርጫ ወረዳ ግን አላቃተውም። የ2018ቱን ማስታወቂያ አልረሳውም። ፀጉሬን ልቆረጥ ቁጭ ባልኩበት፣ ከወንበሩ ሳልነሳ ሦስት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ይዞ ቆመና «ይሄ ሰው ማነው?» አለኝ። የሌሎቹን ግን ስማቸውንም አያውቅም ነበር። ገንዘብ ይህን ነው የሚሠራው።

ሰናይት፦ ታዲያ ፀጉር ቆራጩ ተገዶ መረጠው? ሰው ድምፁን የሰጠው አስቦ ነው። ዲትሮይቶችን አትናቅ።

የዲትሮይቱ፦ እኔ ነኝ የናቅኩት? ምክር ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለኮንግረስ ተነሳ። በ2022 ዘጠኝ ሰው በተወዳደረበት ቅድመ ምርጫ 28 በመቶ ገደማ አግኝቶ አለፈ። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር የሆነባት ከተማ ወደ 70 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር የኮንግረስ አባል አጣች። ይህ አያምሽም?

ሰናይት፦ ያመኛል። ግን ሌሎቹ ተስማምተው አንድ ሰው ማቅረብ አቃታቸው፤ ድምፁ ተበታተነ። ያንን እሱ ላይ አትጫን። ነው ወይስ ህንዳዊ መሆኑ ነው የከነከነህ?

የዲትሮይቱ፦ እህቴ፣ ይሄን አታምጪ። እኔም ስደተኛ ነኝ።

ሚኪ፦ እንግዲህ ተጀመረ።

ሰናይት፦ ስደተኛ ከሆንክማ፣ በብድር ተነስቶ እዚህ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

የዲትሮይቱ፦ መነሳቱን መች ተቃወምኩ? ያልገባኝ አሁንም «በራሱ ገንዘብ» የሚለው ነው። ከኩባንያ የተቀበለውን ሰው ማን እንደሰጠው ጠይቄ እይዘዋለሁ። ይሄኛውን በምን ልያዘው?