ቦርዱ ተከፍቷል፣ ሥራው ግን አሁንም ቴሌግራም ላይ ነው። ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ሰዎች ያሉበት ቡድን አስተባብራለሁ። ሥራችን ለደንበኞች የሥልጠና ቁሳቁስ ማዘጋጀት ነው፦ ጽሑፍ፣ ዲዛይን፣ ቪዲዮ፣ ከዚያ እርማትና ርክክብ። እስካሁን ሁሉም ነገር የሚሄደው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የቀረው በኢሜይል፣ ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ በሚያድሰው የኤክሴል ሠንጠረዥ። «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብሎ ደንበኛ ሲደውል መልሱን ለማግኘት ሁሉንም መጠየቅ አለብኝ።

አሁን አለቃችን ትሬሎ የተባለውን የሥራ መከታተያ እንድንጠቀም ወስነዋል፤ እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ተጽፎ ቦርድ ላይ ባሉ ሊስቶች (ዓምዶች) የሚደረደርበት ነው። ቦርድ ፈጠርኩ፣ ሁሉንም ጋበዝኩ። ገቡ፣ አዩ፣ ወጡ። ሥራው ተመልሶ ቴሌግራም ላይ ነው።

ሦስት ነገር ቸግሮኛል። ቦርዱን በሰው ስም ላደራጅ ወይስ በሥራ ደረጃ? አንድ ካርድ ምን ያህል ሥራ ይያዝ? ሦስተኛውና ዋናው፣ ሰዎቹ እንዴት ይልመዱት? አንድ ባልደረባዬ ፊት ለፊት «ልትቆጣጠሪን ነው?» ብሎኛል። ይህን ያለፈበት ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የሶፍትዌር ቡድን መሪ

እህቴ፣ በሰው ስም አትክፈይው። በሰው ስም ከተከፈለ ቦርዱ የሚያሳየው ማን ስንት ሥራ እንደተሸከመ ብቻ ነው። ሥራው የት ላይ እንደቆመ አይታይም። ባልደረባሽ የፈራውም ይህንኑ ነው።

በሥራ ደረጃ አድርጊው። ለእናንተ ሥራ ይህ ይበቃል፦ «ያልተጀመረ»፣ «ጽሑፍ ላይ»፣ «ዲዛይንና ቪዲዮ ላይ»፣ «እርማት የሚጠብቅ»፣ «ደንበኛ ጋ ያለ»፣ «ያለቀ»። ከዚህ በላይ ሊስት መጀመሪያ ላይ አታብዢ።

ከእነዚህ ውስጥ «እርማት የሚጠብቅ» እና «ደንበኛ ጋ ያለ» የሚሉትን በፍጹም አትዝለዪ። ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ሰው እጅ ላይ እያለ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ጸሐፊው «ልኬያለሁ» ይላል፣ አራሚው «አልደረሰኝም» ይላል፣ መሀል ላይ ሳምንት ያልፋል። የሚጠብቅ ሥራ የራሱ ቦታ ሲኖረው ግን መቆሙ ለሁሉም ይታያል። ማንንም መውቀስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካርዱን ይወስድና ዋናውን ሐሳብ ይተዋል። ይህ አሠራር ካንባን ይባላል፤ የመጣው ከቶዮታ ፋብሪካ ነው። ታይኢቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲያዳብረው ካርዱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ዕቃው ሥራ ላይ ሲውል ካርዱ ወደኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ብቻ ተተኪው ይመረታል። ቁም ነገሩ ከሚፈለገው በላይ አለመጀመር ነው። ስለዚህ በየሊስቱ ስም ላይ ጣሪያ ጻፊበት፦ «ዲዛይንና ቪዲዮ ላይ፣ እስከ 4»። ሲሞላ አዲስ አይጀመርም፤ ያለው እንዲያልቅ ሁሉም ይረዳዳል። ለስምንት ሰው ቡድን ከማንኛውም ቀለምና ሌብል ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

መልስ፦ የፕሮጀክት አስተባባሪ

የላይኛው መልስ ላይ ተስማምቻለሁ። እኔ ስለ ካርዱ ልናገር።

«የሥልጠና ቪዲዮ» ካርድ አይደለም፣ ፕሮጀክት ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይከርማል። «የክፍል 2ን ስክሪፕት መጻፍ» ካርድ ነው። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ሳምንት መካከል ሊጨርሰው የሚችል፣ ሲያልቅም ማለቁ የማያከራክር። ከዚያ ያነሰው ዝርዝር ካርዱ ውስጥ ቼክሊስት ይሁን። ርዕሱ ላይ የሚሠራውን ነገር ጻፉ፦ መጻፍ፣ ማረም፣ መላክ። «ሎጎ» ብሎ የተጻፈ ካርድ ከአሥር ቀን በኋላ ምን እንደሆነ የጻፈው ሰው ራሱ አያስታውስም።

ባለቤት ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን። ትሬሎ አንድ ካርድ ላይ ብዙ ሰው ማስገባት ይፈቅዳል። አሳና የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ግን አንድን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚመድበው፤ ሌሎቹ የሚገቡት በተከታታይነት ነው። ትሬሎ ላይ ሆናችሁም የአሳናን ደንብ ተከተሉ። ሁለት ሰው የተመደበበት ካርድ ላይ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

የማስረከቢያ ቀን እውነተኛ ካልሆነ አታስገቢ። «ለማነቃቃት» ተብሎ በሁሉም ካርድ ላይ ቀን ከተደረገ፣ ቀኑ ሲያልፍ ቦርዱ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀይ ማየት ማንንም አያስደነግጥም፤ በእውነት የሚያስቸኩለውም አብሮ ይጠፋል።

መልስ፦ ግራፊክ ዲዛይነር

እኔ የምጽፈው ከተጋባዦቹ ወገን ሆኜ ነው። ባልደረባሽ ያለውን በቁም ነገር ውሰጂው። ትሬሎ ላይ ካርዱን ማን፣ መቼ እንዳንቀሳቀሰው ካርዱ ውስጥ ይመዘገባል። ይህን ሰው አይቶ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቦርዱ ለምን እንደማይውል አስቀድመሽ ንገሪያቸው። «የካርድ ብዛት ቆጥረን የሥራ አፈጻጸም አንሞላም» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ከመናገርሽ በፊት ግን አለቃሽን አስማሚያቸው፤ ቃል ገብተሽ እሳቸው ቢያፈርሱት ከዚያ በኋላ የሚያምንሽ የለም።

ቀጥሎ ቦርዱ ለሰዎቹ የሆነ ነገር ይስጣቸው። እኔን ያሳመነኝ ስብከት አልነበረም። ቦርዱ ከተጀመረ ወዲህ በየሰዓቱ «የት ደረስክ?» የሚለኝ ሰው ቀረ። በቃ፣ ያ በቂዬ ነበር። አንቺም ለመጠየቅ ከመጻፍሽ በፊት ካርዱን እዪ። ካርዱ ላይ መልሱ ካለ አትጠይቂ። ከሌለ ቴሌግራም ላይ ሳይሆን እዚያው ኮሜንት ላይ፣ የሰውየውን ስም ጠቅሰሽ ጠይቂ።

ኖቲፊኬሽንም ሰው ያስመርራል። ሴቲንግ ውስጥ የኢሜይል ማሳወቂያውን በየተወሰነ ጊዜ ተጠራቅሞ እንዲመጣ ወይም ጭራሽ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ሌላው፣ ኮምፒውተር ላይ ቦርዱን ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ «ኪው» ፊደልን ብትጫኑ የራሳችሁ ካርዶች ብቻ ይቀራሉ። የመጀመሪያ ቀን ይህን አሳዪያቸው፤ በካርድ ብዛት የደነገጠ ሰው ወዲያው ይረጋጋል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ዋናው ችግሬ እዚህ ላይ ነው፦ ደንበኞች በኢሜይል ይልካሉ፣ አለቃችን ደግሞ በቴሌግራም ያዛሉ። እሳቸው ቦርዱን ከፍተው አያውቁም። ቴሌግራሙን ልዝጋው?

መልስ፦ የሶፍትዌር ቡድን መሪ

አትዝጊው። ብትዘጊው ሰዎቹ ሌላ ግሩፕ ይከፍታሉ፣ አንቺን ሳይጨምሩ።

ወሬው የትም ይሁን፤ ሥራው ግን አንድ ቦታ ይቀመጥ። ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ካርድ የሌለው ሥራ አልተጀመረም። ትእዛዝ በቴሌግራም ከመጣ የተቀበለው ሰው ካርድ ይከፍታል፣ የካርዱን ሊንክ ኮፒ አድርጎ እዚያው ግሩፑ ላይ መልስ አድርጎ ይለጥፋል። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ሊንክ አለው። ለኢሜይሉ ደግሞ ትሬሎ ለቦርዱ የኢሜይል አድራሻ ይሰጥሻል። የደንበኛውን ኢሜይል ወደዚያ ፎርዋርድ ስታደርጊ ርዕሰ ጉዳዩ የካርዱ ስም፣ የተጻፈው ደግሞ መግለጫው ይሆናል።

አለቃሽን «ቦርዱን ይክፈቱ» ብለሽ አትጨቅጭቂ። «የት ደረሰ?» ሲሉሽ በጽሑፍ አታብራሪ፤ የካርዱን ሊንክ ላኪላቸው። ደጋግመሽ ሊንክ ስትልኪ ቀስ በቀስ ራሳቸው መግባት ይጀምራሉ።

ሳምንታዊ ስብሰባችሁንም ከቦርዱ ላይ አካሂጂ። ስክሪን ላይ ክፈቺውና ከቀኝ ወደ ግራ እዩ፤ ለማለቅ ከቀረበው ጀምራችሁ ማለት ነው። ከግራ ከጀመራችሁ ሰዓቱ ሁሉ ስለ አዲስ ሐሳብ በማውራት ያልቃል። ስብሰባው ላይ ካርዱ ያልተነሳ ሥራ አይወራበት። እኔ ያየኋቸው ቡድኖች ቦርድ የለመዱት በሥልጠና ሳይሆን በዚህ ስብሰባ ነው።

መልስ፦ የግንባታ ፕሮጀክት መሐንዲስ

ሌላ ሐሳብ ላቅርብ። ሥራችሁ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርበት ከሆነ ትሬሎ ላይበቃችሁ ይችላል። እኛ ጋ የጊዜ ሰሌዳውን በባር የሚያሳይ ጋንት ቻርት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲዘገይ የሚከተሉት ሁሉ ምን ያህል እንደሚገፉ ካላየን አንችልም።

መልስ፦ የፕሮጀክት አስተባባሪ

ለግንባታ እውነትዎን ነው። ለእሷ ግን አሁን መሣሪያ መቀየር አልመክርም። ገና ካርድ ማንቀሳቀስ ያለመደ ቡድን ጋንት ቻርት አያድስም፤ ያልታደሰ ጋንት ቻርት ደግሞ ከኤክሴሉ አይሻልም። መጀመሪያ ልምዱ ይምጣ።

ቦርዱ ላይ ደንበኛ ነክ ነገር ስላለ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቦርዱ «ፕራይቬት» ወይም ለዎርክስፔሳችሁ (ለቡድናችሁ የጋራ ቦታ) አባላት ብቻ የተከፈተ መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጪ። «ፐብሊክ» ከሆነ ማንም ያየዋል፣ ጎግልም ሊያወጣው ይችላል። ፓስወርድ የተባለ ነገር ካርድ ላይ አይጻፍ። ያለቀን ካርድ ደግሞ አርካይቭ አድርጉ እንጂ አታጥፉ። አርካይቭ የተደረገ ይመለሳል፣ የጠፋ ግን አይመለስም።

ጠያቂዋ

ሰኞ ስብሰባ አለን፤ ስክሪኑ ላይ ከፍቼው እጀምራለሁ። ከአለቃዬ ጋር ዛሬ አወራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኤክሴሉ ላይ ያለውን ሁሉ ላስገባ? ከመቶ በላይ መስመር አለው።

መልስ፦ ግራፊክ ዲዛይነር

ሁሉንም አታስገቢ። ቦርዱን ገና ሲከፍቱት መቶ ካርድ ካዩ ተመልሰው አይመጡም። አሁን በእጃችሁ ያለውንና በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጀመረውን ብቻ ምረጪ። ኤክሴሉ ላይ የሥራዎቹን ስም የያዘውን ዓምድ ኮፒ አድርጊ፣ ትሬሎ ላይ አዲስ ካርድ ከፍተሽ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ለጥፊው። እያንዳንዱን መስመር የየራሱ ካርድ ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ እሺ በዪው። ባለቤት መመደቡን ግን አንቺ አትሥሪው። ሰኞ ስብሰባው ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ ራሱ ይውሰድ።