ክሬኑ ሐሙስ ነው! ለሞቃት ባሕር የትኛውን ቀለም ልቀባ?

ነፋስ ተከታይ (ጠያቂ)፦ ሰላም ጎበዝ። አስቸኳይ ነው። ባለሸራ ጀልባዬ ከውኃ ወጥታ ድጋፍ ላይ ቆማለች። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ክሬኑ ሐሙስ ጠዋት መልሶ ያወርዳታል። ስናጥባት አሮጌው አንቲፎውሊንግ ቀለም (ከውኃ በታች ተጣባቂ እንዳይይዛት የሚቀባው) በቁራጭ በቁራጭ ተላጠ። ባርናክሉም (ያ ቅርፊታም ተጣባቂ የባሕር እንስሳ) እንደ ጠጠር ተጣብቆባት ነበር። 11 ሜትር ናት። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሞቃት ባሕር ላይ ነን። ጠንካራውን ልቀባ ወይስ እየተሸረሸረ የሚያልቀውን? ጠንካራውን አንድ ጣሳ ገዝቻለሁ። ሁለት እጅ ይበቃል? የአሮጌውን ዓይነት አላውቅም፣ የቀባው የቀድሞው ባለቤት ነው። ቶሎ በሉልኝ።

ሰነፍ ካፒቴን፦ ሐሙስ? እኔ ብሩሽ ለመምረጥ ራሱ ሦስት ቀን አይበቃኝም።

ጨው ቀመስ፦ የሚሸረሸረውን ቀባ። ጠንካራው መርዙ ተሟጦ ሲያልቅ ቅርፊቱ ይቀራል። በየዓመቱ ስትደርብበት ይወፍርና አንድ ቀን ይላጣል፤ ያንተም ይኼው ይመስለኛል። የሚሸረሸረውን ውኃው ሲልሰው አዲስ ገጽ ይወጣል። ከውኃ ወጥታ ብትከርምም ብዙ አይጎዳም። ጠንካራው ግን አየር ላይ ሲቆይ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል።

ሁለት እጅ አይበቃህም። ሞቃት ባሕር ክረምት የለውም፣ ተጣባቂው ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ሦስት እጅ አድርግ። የፊቱን ጠርዝ፣ የኪሉን (ከሆዷ ሥር ወደ ታች የሚወርደውን ሚዛን መጠበቂያ) አፍንጫ፣ መሪውንና የውኃ መስመሩን ዙሪያ አራተኛ ጨምርላቸው፤ ውኃው አብዝቶ የሚፈትገው እነሱን ነው። የመጀመሪያውን እጅ በተለየ ቀለም ቀባው። ከላይ ሰማያዊ ከሆነ ከሥር ቀይ አድርግ፤ ቀዩ ብቅ ሲል ማለቁን ታውቃለህ።

የድሮ መርከበኛ፦ ልጆች፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ እወቁ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን ፍሪጌት (የጦር መርከብ) ከውኃ በታች በመዳብ ለበጣት። እንጨት የሚበላው ትል አልደፈራት፣ አረሙም አልያዛት። የብረት ምስማሮቿ ግን መዳቡ በነካቸው ቦታ ተበልተው ተገኙ። በ1824 ደግሞ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ መዳቡ ራሱ እንዳይበላ ብሎ የብረትና የዚንክ ቁራጭ አስጠጋበት። መዳቡ ዳነ። መርከቦቹ ግን በተጣባቂ ተሸፈኑ! መዳብ የሚሠራው እየሟሟ ነዋ። ካልሟሟ ተራ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ ትሪቡቲልቲን የሚባል መርዝ ያለበት ቀለም መጣ። እሱን የሚያህል ቀለም አላየሁም፤ ግን የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ሴቶቹን የወንድ ብልት እስከማብቀል አደረሳቸው። የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2001 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ሳይቡትሪን የተባለው ሌላው የቀለም መርዝም ከ2023 ወዲህ መቀባት ታግዷል። ስለዚህ «የድሮ ጣሳ በርካሽ አገኘሁ» የሚል ካለ...

ሰነፍ ካፒቴን፦ ጋሼ፣ ሰውዬው ሐሙስ ብሏል እኮ።

ቀስ በል፦ የሚሸረሸረውን ነው። ሦስት እጅ።

ጨው ቀመስ፦ አልኩት እኮ።

ጠላቂው፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ጠንካራ ወይስ የሚሸረሸር ከማለትህ በፊት ስንት ቀን ትንቀሳቀሳለህ? የሚሸረሸረው መንቀሳቀስ ይፈልጋል። መልሕቅ ጥለህ ወር ከተቀመጥክ የትኛውም ቀለም አያድንህም፣ ጠልቀህ ማጽዳትህ አይቀርም። ለሚታጠብ ደግሞ ጠንካራው ነው የሚሻለው። የሚሸረሸረውን በሻካራ ብሩሽ ብታሸው ቀለምህ እንደ ደመና ሆኖ ሲሄድ ታየዋለህ። ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ፣ ቀስ ብለህ። የሲሊኮን ቀለም ቀባ የሚሉህንም አትስማ። የሚያዳልጥ ነው፣ ጎበዝ ነው፤ ግን ፍጥነት ይፈልጋል፣ ጭረትም አይወድም። ለፕሮፔለር ግን ጥሩ ነው።

ነፋስ ተከታይ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በወር ግማሹን እንቆማለን። በሉ ቀኑ እየሄደ ስለሆነ መሪውን በጠንካራው አንድ እጅ ቀባሁት፣ ለሙከራ። ደህና ይዟል።

ጨው ቀመስ፦ አንድ ጣሳ ግን የትም አያደርስህም። የውኃ መስመሯን ርዝመት በስፋቷና በጥልቀቷ ድምር አባዛ። ኪሏ ጠባብ ከሆነ ውጤቱን በ0.75 አባዛው። ለምሳሌ 10 ሜትር፣ ስፋት 3.5፣ ጥልቀት 1.9 ከሆነ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሦስት እጅ 120 ነው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ከሸፈነልህ 12 ሊትር ያስፈልግሃል።

ዝገት ጠል፦ ቆይ ቆይ። ይኼን ሁሉ ስናወራ አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀም። ጀልባዋ ከምንድን ነው የተሠራችው? ጣሳው ላይስ ምን ተጽፏል?

ነፋስ ተከታይ፦ አሉሚኒየም ናት። ያልኩ መስሎኝ ነበር። ጣሳው ኩፕረስ ኦክሳይድ ይላል።

ሰነፍ ካፒቴን፦ ወይኔ።

ዝገት ጠል፦ ሮለሩን አስቀምጥ። ኩፕረስ ኦክሳይድ መዳብ ነው። መዳብና አሉሚኒየም ጨው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ጋሼ የነገሩህ የ1761ዱ ምስማር አሁን ያንተ ጀልባ ናት። ከሥር ኢፖክሲ (ጠንካራ መከላከያ ሽፋን) አለ ብለህ እንዳትተማመን። ሰንሰለት አንድ ቦታ ከጫረው አሉሚኒየሙ እዚያችው ላይ ይቦረቦራል።

መሪውን ዛሬውኑ ላጠው። ዝም ብለህ በደረቁ እንዳትፍቅ፣ የአንቲፎውሊንግ ብናኝ መርዝ ነው። ውኃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት፣ ማስክ፣ ከሥር ሸራ። አሮጌውን ቀለም ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ እሸው። ጨርቁን ካቀለመ የሚሸረሸር ዓይነት ነው፤ በእሱ ላይ ጠንካራ ብትቀባ ይላጣል። በበኩሌ የሚላጥ ነገር ላይ ምንም አልቀባም፣ የቀድሞው ባለቤት መዳብ ቀብቶ እንደሆነስ?

ባዶ አሉሚኒየም የታየበትን ቦታ ፈቅፍቀህ፣ አጽድተህ፣ በሰዓታት ውስጥ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) አልብሰው። ካደረ ኦክሳይድ ይሠራና ቀለሙ አይይዝም። ፕራይመሩን ጣሳው እንደሚለው ደጋግመው። የመጨረሻው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ በአውራ ጣት ስትነካው ገና የሚጣበቅ ሲመስልህ፣ የመጀመሪያውን አንቲፎውሊንግ ቀባ። ሙቀት ካለ ይቺ ጊዜ አጭር ናት። አንቲፎውሊንጉ ከመዳብ ነፃ፣ «ለአሉሚኒየም» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። አኖዶቹን (በጀልባዋ ፈንታ እንዲበሉ የሚታሰሩትን ቁራጮች) እንዳትቀባ። እና ሐሙስን እርሳው።

ጠላቂው፦ ይኼ ሰው ያለው ትክክል ነው። እኔም መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።

የድሮ መርከበኛ፦ ስለ ምስማሩ ስነግራችሁ ሰዓት የለንም አላችሁኝ።

ሰነፍ ካፒቴን፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቀጥሉ።

ነፋስ ተከታይ፦ ክሬኑን ለማስቀየር ልደውል ነው። ፋይበርግላስ ጀልባ ያለው ካለ ከጣሳው ትንሽ ብቻ ነው የተነካው።

ቀስ በል፦ ስንት ሊትር ነው?

ዝገት ጠል፦ መሪውን ላጥከው?

ዝገት ጠል፦ ሐሙስ አለፈ። ነፋስ ተከታይ፣ ላጥከው ወይ?